የምድጃ ጢስና የቤተ ሰብ ጤና
(ለገጠር እናቶችና ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ በሽታ አይደለም። በየዕለቱ ጧትና ማታ ከምድጃችሁ የሚነሣ፣ ጣሪያውን የሚያጠቁር፣ ዓይናችሁን የሚያስለቅስ፣ ነገር ግን ማንም እንደ ጠላት የማይቈጥረው ነገር ነው። ይኸውም ጢስ ነው።

ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ እጅ መታጠብ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፤ ይህም ሁሉ መልካም ነው። ሰው ውሃ የሚጠጣው ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ አየርን ተኝቶም ነቅቶም ሳያቋርጥ ይስባል። የቈሸሸ ውሃ ቢቀርብልን አንጠጣም ማለት እንችላለን፤ የቈሸሸ አየር ቢሆን ግን አልስብም ብሎ ሊቈይ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ የቤታችን አየር ንጹሕ እንዲሆን ማሰብ ከቤት ንጽሕና ሥራ አንዱ ታላቅ ክፍል ነው።

የአየር መበከል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የከተማውን መኪናና ፋብሪካ ነው። የገጠር አየር ንጹሕ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ የደጁ አየር ንጹሕ ነው። ዳሩ ግን ከደጅ ወደ ማድ ቤት ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በአገራችን ከ10 ቤተ ሰብ ከ9 የሚበልጠው ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በአገዳ ወይም በከሰል ነው። መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ እሳት ሲነድ በአየሩ ውስጥ ያለው ረቂቅ ጥላሸት ለጤና ከሚፈቀደው መጠን እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። እንዲህ ያለው አየር ከብዙ ትልልቅ ከተሞች አየር የከፋ ነው።

ይህን አየር ከሁሉ አብልጦ የሚስበው ማን ነው? አባት እርሻ ላይ ነው፤ ከፍ ያሉት ልጆች ከከብት ጋር ወይም ትምህርት ቤት ናቸው። ምድጃው አጠገብ የምትቀረው እናት ናት። እናት ብቻዋን ደግሞ አይደለችም፤ ሕፃን ልጅ በጀርባዋ ታዝሏል። እርስዋ እንጀራ ስትጋግር እርሱም ከርስዋ ጋር ጢሱን ይስባል። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ፤ ሕፃኑን ከጢሱ አርቁት፤ ጢሱንም ከቤቱ አውጡት።

ጢስ ምንድር ነው?

ደረቅ እንጨት ደኅና አድርጎ ሲነድ ሙቀትና ብርሃን ይሰጣል፤ ጢሱም ጥቂት ነው፤ በመጨረሻም አመድ ይቀራል። ጢስ የሚበዛው እንጨቱ ርጥብ ሲሆን፣ ወይም እሳቱ በቂ አየር ሲያጣ ነው። ስለዚህ ጢስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው ማለት ይቻላል። እናቶች ሆይ፤ ይህን ልብ በሉ። ከሩቅ ጫካ ለቅማችሁ፣ በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት እንጨት ከፊሉ ሥራ ሳይሠራ በጣሪያው በኩል ሲሄድ ማለት ነው። የሚጤስ እሳት ጤና ይጎዳል፤ ማገዶም ያባክናል።

በጢስ ውስጥ ብዙ ዓይነት ነገር አለ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል።

አንደኛው ረቂቅ ጥላሸት ነው። የድስቱን ቂጥና የጣሪያውን እንጨት ተመልከቱ፤ ያ ሁሉ ጥቁረት ጢሱ ያስቀመጠው ነው። ጢሱ ድስቱን ያጠቈረውን ያህል በውስጡ የሚውለውን ሰው ሳንባ አይተወውም። ወፍራሙን ትቢያ አፍንጫችን ይይዘዋል፤ በንፍጥና በሳልም ይወጣል። የጥላሸቱ ረቂቅ ክፍል ግን ከራስ ጠጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ስለ ሆነ አፍንጫ ሊያግደው አይችልም፤ እስከ ሳንባ ሥር ድረስ ይዘልቃል። ከዚያም አልፎ ወደ ደም የሚገባ አለ።

ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይንም አያቃጥልም። ደማችን ንጹሕ አየርን ተሸክሞ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚያደርስ ነው፤ ይህ ጋዝ ግን በንጹሕ አየር ቦታ ገብቶ ደሙን ይይዝበታል። ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ ታፍኖ ሊሞት ይችላል።

ጢስ የሚያመጣው ጉዳት

ከሁሉ በፊት የሕፃናትን ነገር እንናገር። የሕፃን ሳንባ ገና በማደግ ላይ ያለ ነው፤ እስትንፋሱም ከትልቅ ሰው ይልቅ ፈጣን ነው። ጢስ የሳንባውን የውስጥ መከላከያ ሲያደክምበት የሳንባ ምች በቀላሉ ይይዘዋል። በጢስ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ጢስ በሌለበት ቤት ከሚያድግ ልጅ ይልቅ በዚህ በሽታ የመያዙ ነገር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓመት በመላው ዓለም ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ።

ብዙ ጊዜ አንድ ሕፃን በሳል ታሞ ሲሞት፣ ብርድ መታው ወይም ምች አገኘው ይባላል። ምድጃውን የሚጠረጥር የለም። ምክንያቱም ጢስ እንደ እባብ ወዲያው ነድፎ አይገድልም፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጎዳ ሌላው በሽታ የሚገባበትን በር ይከፍታል።

እናቶችንም ጢሱ አይተዋቸውም። ዓይን ይቀላል፤ ያለቅሳል፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሲጋራ ጨርሳ አጭሳ የማታውቅ እናት እንደ አጫሽ ሰው ሥር የሰደደ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያገኛታል፤ ዳገት መውጣትና ውሃ መቅዳት ያቅታታል። እንዲሁም የሳንባ ካንሰር፣ የልብ በሽታ፣ ግማሽ አካልን የሚያሰንፈው ስትሮክ የሚባለውም በሽታ ከጢስ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ታውቋል። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ጢስ ስትስብ ደግሞ በማሕፀንዋ ያለው ልጅ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። አራስ ቤትንም ለማሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እሳት ማጤስ፣ ገና ዓለምን ያየውን ጨቅላ ከሁሉ በላይ ይጎዳዋል። ጨቅላ ሕፃን የሚሞቀው ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ፣ በደረቅ ልብስ ተሸፍኖ ሲታቀፍ ነው።

ስለ ከሰልና ስለ ኩራዝ

ከሰል ጢስ የለውም ተብሎ ይወደዳል። ጥላሸቱ ከእንጨት ይልቅ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ቀለምና ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ በከሰል ፍም ላይ እጅግ ብዙ ነው። በክረምት ብርድ ወይም በበዓል ሌሊት የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች በዚያው ሳይነቁ የቀሩበት ጊዜ አለ። ፍሙ ቀልቷል፣ ጢሱም አልቋል ብላችሁ አትመኑ፤ ጋዙ አይታይምና።

ስለዚህ ከሰል በሚነድበት ክፍል ፈጽሞ አትተኙ። ቡና ስታፈሉም በርና መስኮት ክፈቱ። በቤት ውስጥ ከሰል ነድዶ ራስ የሚያዞር፣ የሚያቅለሸልሽ ወይም ጉልበት የሚያሳጣ ሰው ቢኖር ወዲያው በሩን ከፍታችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ ፈጥናችሁም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራሱን የሳተውን ሰው ወተት ወይም ሌላ ነገር በአፉ ማጠጣት አይገባም፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላል።

የላምባ ኩራዝም እንዲሁ ነው። ልጆች በኩራዝ ሲያጠኑ አድረው ጧት ሲናፈጡ ንፍጣቸው ጥቁር ሆኖ ታዩታላችሁ። ያ ጥቁረት ከኩራዙ የመጣ ጥላሸት ነው። በዛሬ ጊዜ በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ትንሽ መብራት በብዙ ገበያ ይገኛል፤ የላምባ ዋጋ ቢጠራቀም ይገዛዋል። ይህን ማድረግ የቻለ ቤተ ሰብ ለልጆቹ ሳንባም ለዓይናቸውም ትልቅ ውለታ ዋለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ፣ «እንጨቱን ትተን በምን እንቀቅል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ኤሌክትሪክ በሌለበት አገር በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ ብንላችሁ ንግግራችን ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከማይጠይቀው ሥራ እንጀምርና ገንዘብ ወደሚጠይቀው እንሄዳለን።

1ኛ፤ ሕፃኑን ከምድጃው አርቁ። እሳት ከመለኰሳችሁ በፊት አጥቡት፤ አባት፣ አያት ወይም ከፍ ያለ ልጅ በደጅ ይያዝላችሁ። ያዥ ከጠፋ ነፋሱ ጢሱን ወደ እርሱ በማያመጣበት በኩል፣ ከበሩ አጠገብ፣ እናንተ በምታዩት ስፍራ አስቀምጡት። ይህ ከጢሱም ያድነዋል፤ እሳት ላይ ወድቆ ከመቃጠልም ያድነዋል። አዝሎ መጋገር ግን ይቅር።

2ኛ፤ ማገዶውን አድርቁ። እንጨቱን ፍለጡት፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፤ ዝናብ እንዳይመታው ክዳን አድርጉለት። ከክረምት በፊት በበጋ አከማቹ። ርጥብ እንጨት ሲነድ እሳቱ ኀይሉን የሚጨርሰው በውስጡ ያለውን ውሃ በማድረቅ ነው፤ ስለዚህ ይጤሳል እንጂ አያበስልም። ርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ምጣድ ሥር ሲገባ የሚያወጣው ጢስ ብዙ መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ።

3ኛ፤ እሳት ለመለኰስ ፌስታል፣ ላስቲክ፣ አሮጌ ጫማ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ አታቃጥሉ። እሳቱን ቶሎ ያስነሣዋል፤ የሚያወጣው ጢስ ግን ከእንጨት ጢስ የባሰ መርዝ አለበት። ደረቅ ጭራሮና ገለባ ይበቃል።

4ኛ፤ ጢስ እጅግ የሚበዛው እሳቱ በሚቀጣጠልበት ጊዜ ነው። የሚቻላችሁ ከሆነ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ ሲቀላ አስገቡት፤ የእንጨቱንም እሳት ለኵሳችሁ ነበልባሉ እስኪይዝ ድረስ ከማድ ቤት ውጡ። ጎንበስ ብላችሁ በአፋችሁ እፍ ስትሉ ፊታችሁን ጢስ ውስጥ ታገባላችሁ። በማራገቢያ አራግቡት፤ ወይም ረዘም ባለ ሸምበቆ ራቅ ብላችሁ እፍ በሉት።

5ኛ፤ እሳቱ የሚነድበትን ጊዜ አሳጥሩ። ባቄላውን፣ ሽምብራውንና ንፍሮውን ከዋዜማው ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ ቶሎ ይበስላል። ድስቱን ክደኑት። እንጀራውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቃውን አንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱን አውጥታችሁ በአመድ አጥፉት፤ ሲጤስ አይዋል።

6ኛ፤ ለጢሱ መውጫ ክፈቱለት። ሞቃት ጢስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መውጫው ከግድግዳው አናት፣ ከጣሪያው ሥር መሆን አለበት። ንጹሕ አየር የሚገባበትም ሌላ መስኮት ፊት ለፊቱ ይሁን፤ አየር የሚመላለሰው መግቢያና መውጫ ሲኖረው ነውና። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ በጣሪያው ላይ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ዝናብ እንዳይገባ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ክዳን ማድረግ ይቻላል። ሣር ቤት ከሆነ ግን እሳት እንዳይነሣ የጋለ የጢስ ቧንቧ ሣሩን እንዲነካ አታድርጉ።

7ኛ፤ ማድ ቤቱን ከመኝታው ለዩት። ለብቻው የተሠራ፣ ግድግዳው ከፍ ብሎ ክፍት የሆነ ትንሽ ዳስ እንኳ ቢሆን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ዕረፍት ይሰጣል። ዝናብና ብርቱ ነፋስ በሌለበት ቀን ደግሞ ደጅ ማብሰል ይቻላል።

8ኛ፤ ምድጃውን አሻሽሉ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን አያጣፍጥ ይሆናል፤ ጢሱን ግን ይቀንሳል። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ እሳቱ በየአቅጣጫው ይበተናል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን የተሠራ ነው፤ በሲሚንቶ የተበጀ ሆኖ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዙሪያውን ይከበዋል፤ በስተኋላውም ድስት የሚጣድበት አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቈጥባል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የሚባለው ምድጃ አለ። እነዚህ ጢሱን ያሳንሱታል እንጂ ፈጽሞ አያጠፉትምና፣ መስኮቱንና መውጫውን በነሱ ምክንያት አትዝጉ።

9ኛ፤ አቅም ያለው ቤተ ሰብ ወደ ንጹሕ ማገዶ ይሻገር። ቢያንስ አራት ያህል ከብት ያለውና ውሃ የሚቀርበው ገበሬ ከእበት ባዮጋዝ ማውጣት ይችላል። ባዮጋዝ ጢስ የሌለው ነበልባል ይሰጣል፤ የሚቀረውም ዝቃጭ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ኤሌክትሪክ በገባበት ቀበሌ ደግሞ ከመብራቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ምጣዱ ይሁን።

የመውጫና የምድጃ ጥቅም በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። ጓቴማላ በምትባለው የአሜሪካ አገር በደጋ የሚኖሩ የገጠር እናቶች እንደኛው እናቶች ሕፃን አዝለው በእንጨት እሳት ያበስላሉ። ከ1995 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገር ከ500 የሚበልጡ ቤቶች ተመርጠው፣ ለግማሾቹ የጢስ ማውጫ ቧንቧ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው፤ የቀሩትም እንደ ቀድሞው ቈዩና ሕፃናቱን ሐኪሞች ተከታተሏቸው። ቧንቧ ባለበት ቤት ሕፃናቱ የሚስቡት መርዘኛ ጋዝ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ብርቱው የሳንባ ምችም በሲሶ ያህል ቀነሰ። ቀላሉ ዓይነት ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ከዚህ የምንማረው፣ ጢስን ጥቂት መቀነስ ይጠቅማል፤ ይበልጥ በተቀነሰ ቍጥር ግን ይበልጥ ይጠቅማል ማለት ነው።

ስለ ጢስ የሚባሉ ነገሮች

«ጢስ የቤቱን ሣር ያደርቃል፤ ተባይና ነቀዝ ያባርራል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሐሰት አይደለም። ጢስ ሣሩን ከብስባሴና ከተባይ ይጠብቀዋል። ለሣሩ የሚበጀው ነገር ግን ለሕፃኑ ሳንባ አይበጅም። ጣሪያ ቢያፈስ እንደገና ይከደናል፤ የተጎዳ ሳንባን መልሶ ማደስ ግን አይቻልም። እህሉን ከነቀዝ ለመጠበቅ ደኅና አድርጎ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለወባ ትንኝም አጎበር አለ።

«መስኮት ከከፈትን ብርድ ይገባል» የሚሉም አሉ። ብርድ ሲመጣ ልብስ ይደረባል፤ ለጢስ ግን የሚደረብ ልብስ የለም። ቢያንስ እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ይከፈት፤ ሥራው ካለቀ፣ ጢሱም ከወጣና እሳቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ መዝጋት ትችላላችሁ።

ስለ ደጅ ጢስ

ጢስ ከቤት ወጣ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። በአገራችን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰቡ የማቃጠል ልማድ አለ፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ይህ ልማድ የሚያያዘው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው ከየኅዳር በሽታ ጋር ነው። ያ በሽታ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ጢስም አያባርረውም። ግቢንና መንደርን መጥረጉ መልካም ልማድ ነውና ይጠበቅ። ማቃጠሉ ግን፣ በተለይ ቆሻሻው ፌስታልና ፕላስቲክ በበዛበት በዛሬ ጊዜ፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ መርዝ ማጠን ይሆናል። የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ጉድጓድ ቈፍራችሁ ጨምሩት፤ አፈር አልብሱት፤ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ፕላስቲኩን ለይታችሁ ከእሳት አርቁ።

ትልቅ ከተማም ቢሆን ከምድጃ ጢስ አያመልጥም። የእንግሊዝ ዋና ከተማ ሎንዶን ከኅዳር 26 እስከ ኅዳር 30 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ በጢስና በጉም ተሸፍና ነበር። ብርዱ ብርቱ ስለ ነበር ሕዝቡ በየቤቱ የድንጋይ ከሰል አብዝቶ አነደደ፤ የፋብሪካውም ጢስ ተጨመረበት፤ ነፋስ ስላልነበረ የሚወስደው ጠፋ። በዚያን ጊዜ በተደረገው ቈጠራ 4,000 ያህል ሰዎች ሞቱ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን እስከ 12,000 ሊደርስ እንደሚችል ገልጸዋል። የእንግሊዝም መንግሥት ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ በተለዩ ስፍራዎች ሕዝቡ ጢስ የሌለው ማገዶ እንዲያነድ ለማስገደድ የሚያስችል ሕግ አወጣ። የዚያች ከተማ ጢስ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ሄደ። የምድጃን ልማድ መለወጥ እንደሚቻል ይህ ያስረዳል።

ለአባቶች የምንለው

አባቶች ሆይ፤ እስካሁን እናቶችን ስንመክር ሰማችሁ። ምድጃው የሴት ነው ተብሎ ነገሩ ለእናት ብቻ የሚተው አይደለም። ግድግዳውን የሠራው ማን ነው? መስኮት የሚከፍተው፣ ግንዱን የሚፈልጠው፣ ለማገዶው ዳስ የሚጥለው የማን ክንድ ነው? በሬ ሲታመም ገበሬ ሌሊት ተነሥቶ ይጠብቀዋል፤ በየቀኑ ጢስ ውስጥ ለምትውለው ለሚስቱ ግን ግማሽ ቀን ሠርቶ መስኮት ለመክፈት ጊዜ የለኝም ይላል። ይህ አይገባም። ገበያ ስትሄዱ ከምትገዙት ዕቃ መካከል የተሻለው ምድጃ ይቈጠር። ደግሞም ማታ እናት ስትጋግር ሕፃኑን ተቀብላችሁ ደጅ ያዙት። ልጁን መያዝ ለወንድ ነውር አይደለም፤ የሚያሳፍረውስ ልጅ በጢስ ታፍኖ ሲያድግ ዝም ብሎ ማየት ነው።

የሳንባ ምች ምልክት

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ ልጅ ሊታመም ይችላልና ምልክቱን እንወቅ። ልጁ ሳል ይዞት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካያችሁ፣ ረጋ ባለ ጊዜ ደረቱን ገልጣችሁ እስትንፋሱን በሰዓት ቍጠሩ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ምልክቱ ነው። ሰዓት ባይኖር ደግሞ አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ ከሆነ፣ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ከደከመ በሽታው ብርቱ ነው።

እንዲህ ያለውን ልጅ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አታቈዩት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት። የሳንባ ምች በጊዜው ከተደረሰበት በመድኀኒት የሚድን በሽታ ነው። ጢስ በሌለበት ቤትም ያስታሙት።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ዛሬ የተናገርነው ሁሉ በአንድ ቀን ይደረግ አንልም። ዛሬ ማታ እሳት ሲለኰስ ግን ሕፃኑን ከምድጃው ማራቅ ለማንም ይቻላል፤ ገንዘብም አያስከፍልም። በሚቀጥለው ሰንበት ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ተጠራርቶ አንድ ቤት መስኮት ቢከፍት፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላው ቤት ይከፈታል። በደቦ ያረሰና ያጨደ መንደር በደቦ ጢስን ከቤቱ ማውጣት አያቅተውም።